ኅዳግ

ብሎክ ሃያ ሦስት፣ ገላን ዳርቻ ላይ፣
ሊፍት ያልገባለት፣ ጉድጓዱ የሚታይ።
ደረጃውን ወጣሁ ፎርሙን ታቅፌ፣
ለቀን አበል ብዬ፣ ሳልጠይቅ ተሰልፌ።
አዋጁ በሬዲዮ ከተነበበ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤
«ጊዜው ክፉ ነው» ይላል ሰው ሁሉ፤ ክፉውን ማን አመጣው ሲባል ዝም ነው።

ስም፣
የአባት ስም፣
የአያት ስም፣
የትውልድ ቦታ፣
ከማን ጋር ይኖራል፣ ማን ይመጣል ማታ።

ቤት ቁጥር አርባ አንድ። እማማ ለተንስኤ ከፈቱልኝ በሩን፤
የውኃ ቆጣሪ ላነብ የመጣሁ መስሏቸው አሳዩኝ ቁጥሩን።
ከቴሌቪዥኑ በላይ የልጃቸው ፎቶ፣
ባለ ሁለት ኮከብ፣ ቆቡን አስተካክሎ፣ ፈገግታውን ትቶ።
«ጉዑሽ ነው» አሉኝ፤ «ግንባር ነው፤ ደውሎ ነበር በቀደም ለት፣
ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ በሌሊት።»

ጻፍኩ።
የትውልድ ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ ጥቂት፤
እሳቸው ግን ተናገሩት፣ ከነአጥቢያው፣ ከነወንዙ፣ በኩራት።
«ልጅ ወታደር ያለው» የሚል መስመር የለውም ፎርሙ፤
ፈለግሁት፣ ገለበጥኩት፤ ጀርባው ነጭ ነው፣ አልነካውም ቀለሙ።
በኅዳጉ ላይ፣ በጠባቧ ባዶ፣ አጠር አድርጌ ጻፍኩኝ፦
«ልጃቸው መኮንን ነው፤ ግንባር።» ይህም ጽድቅ መሰለኝ።

በሳምንቱ፣ ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል፣ ፒካፕ መጣ።
እማማ ነጠላቸውን ለብሰው ወረዱ፣ መታወቂያቸው በእጃቸው፤ ማንም አልተቆጣ።
ማንም።
እኔም በመጋረጃው ጠርዝ አየሁ፣
ሻዬን ጠጣሁ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኮሪያ የዘመተ፣
አንድ ወሬ ነበረው፣ መጨረሻውን ሳይነግረኝ የሞተ።
ምሽግ ውስጥ፣ በበረዶ፣ ከጎኑ የነበረ አሜሪካዊ፣
መልኩ ጃፓናዊ፣
ስሙ ሺገሩ፤
አባቴ «ሽጉጤ» ይለው ነበር፣ እየሳቁ ሲያድሩ።
ያ ሰው ነገረው፦ በትልቁ ጦርነት፣ እሱ ገና ልጅ ሳለ፣
በመልኩ ተለቅሞ ሰፈሩ በሙሉ ሽቦ ውስጥ ዋለ።
እናቱ እዚያው ሽቦ ውስጥ ሆና ነው፣ ካውያ ተውሳ፣
የታላቁን የዘማች ሸሚዝ የተኮሰችለት፣ ለዚያው ባንዲራ ሲነሣ።
ታላቁ አልተመለሰም።
«ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለው አባቴ፣ በስብርባሪ እንግሊዝኛ፤
ሺገሩ የባቄላ ጣሳ ከፈተ፣ ግማሹን ለአባቴ ሰጠው፣ ተኛ።

አባቴ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል፤
«ከዚያስ?» ስለው፣ «ከዚያማ ነጋ፤ ተኩስ ሆነ» ይላል።

ጉዑሽ መጣ፣ ቅዳሜ፣ የሦስት ቀን ፈቃድ ይዞ፣
ብርቱካን በፌስታል፣ ክንዱ በፋሻ ተይዞ።
አርባ አንድ ቁጥርን አንኳኳ፤ ጠበቀ፤ ደግሞ አንኳኳ፤
የፎቁ በር ሁሉ ተዘጋ፣ ሳይንኳኳ።

ወሰድኩት። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ዝርዝሩን ያደረስኩ እኔ ነኝና፤
የድሮ ሲሚንቶ መጋዘን ነው፣ ከጭቃው ጎዳና።
በሩ ላይ የቆመው ልጅ፣ ጢሙ ገና ያልወጣ፣
ኮከቡን ሲያይ ተረከዙን አጋጨ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ላቡ መጣ።
ከዚያ፣ እጁን ሳያወርድ ከግንባሩ፣
«መግባት አይቻልም፣ ጌታዬ» አለ፤ ተንቀጠቀጠ ከንፈሩ።
ጉዑሽም ሰላምታውን መለሰ። ደንብ ነው።
ብርቱካኑን በሽቦው ሥር አንድ በአንድ አንከባለለው።

ከወዲያ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣ አንዲት ነጠላ ብድግ አለች፤
አልጮኸችም። ቆቡን እንዲያስተካክል በእጇ አሳየች።

አስተካከለ።

«ማን ነው የመዘገባት?» አለኝ፣ ዓይኑን ከሽቦው ሳይነቅል።
«በኅዳጉ ላይ ጽፌ ነበር» ልል አልኩ፤ ባዶው ፌስታል በእጄ ጮኸ፣ ነፋሱ ገፋ ሲል።
አንዲት ብርቱካን ተርፋለች፤ ላጣት፤ ሰጠኝ እኩል ገምሶ።
እስክሪብቶው ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ቀለሙ ሸሚዜ ላይ ፈሶ።